ጥሩምባ ያልተነፋለት

የአቶ ወልደ ጊዮርጊስ ስልክ ከተቆለፈው አዳራሽ ውስጥ ጮኸ። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ደጅ የተሰለፉት የቴኳንዶ ልጆች ወደ በሩ ዞሩ። ጓጉንቸሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ ስልኩ ግን ውስጥ ሆኖ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

የደወለው አሠልጣኙ ሄኖክ ሳቀ። «ጋሼ ረስተውት ሄደዋል፤ ዕድሜ ነው» አለና ለዕድሩ ዕቃ ጠባቂ ለወይዘሮ ብርነሽ ደወለ። «እትዬ፣ ጋሼ የሉም። የእርስዎን ቁልፍ ይዘውልን ይምጡ።»

ቀኑ የደስታ ቀን ነበር። ክለቡ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ አስፋልት ዳር፣ ባጃጅ በመጣ ቁጥር እየተበተነ ሲለማመድ ኖሯል። የሰፈሩ ዕድር ደግሞ ለቅሶ ከሌለ ባዶውን የሚያድር ሰፊ አዳራሽ አለው። ልጆቹ ደጅ ጠኑ፣ ሽማግሌ ላኩ፤ በመጨረሻ የዕድሩ ዳኛ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ «ማታ ማታ የእናንተ፣ ለቅሶ ሲኖር የእኛ» ብለው ፈቀዱ። እንዲህ ያለ ቀን ሳይቀረጽ አይለፍ ብሎ ሄኖክ ስልኩን ደግኖ ነበር።

ወይዘሮ ብርነሽ የነጠላቸው ቀይ ጥለት አገጫቸውን እየነካ ብቅ አሉ። ጓጉንቸሩን ከፍተው ልጆቹን አስቀደሙ።

ዳኛው ከመድረኩ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው ነበር። ከጭንቅላታቸው ሥር፣ የድንጋዩ ደረጃ ላይ፣ ደም ደርቋል። የዕድሩ ድንኳን ሸራ እስከ ደረታቸው ተሸፍኖላቸዋል፤ ዐይናቸውም ተከድኗል። ጩኸቱ ሰፈሩን ሞላው፤ ብዙም ሳይቆይ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረሱ።

ኢንስፔክተር ሳዳ ጀጎል ውስጥ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። ሰው ስታነጋግር አትቸኩልም፤ ዝም ስትል ግን የሚያናግራት ይቸኩላል። ስትደርስ ሄኖክ ተይዞ ሄዷል። ሰው ጉድ ነው፤ ሬሳው ሳይነሣ ገዳዩን አግኝቶ ያድራል።

አዳራሹ ይቀዘቅዛል። ስንቱን አልቃሽ ያስቀመጡት አግዳሚ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ተደራርበዋል፤ ትልልቆቹ ድስቶች ጥግ ላይ ተደፍተዋል። ግድግዳው ላይ ፋኖስ፣ ገመድና የዕድሩ ጥሩምባ ተሰቅለዋል። ሳዳ በጣቷ ፋኖሱን ነካች፤ አቧራ። ገመዱን ነካች፤ አቧራ። ጥሩምባው ግን ንጹሕ ነው፤ አፉም አዲስ ተሰርጉዷል።

የዳኛው ምክትል ሻምበል ሙሉጌታ ከኋላዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጡረታ ቢወጡም አቋማቸው አሁንም ሰልፍ ላይ ያሉ ያስመስላቸዋል።

«ተናግሬ ነበር» አሉ። «የለቅሶ ቤት የእርግጫ ቤት አይሆንም ብዬ።»

«አሁን ዳኛው እርስዎ ነዎት?»

«ምርጫ እስኪደረግ። እኔን ከጠረጠርሽ ትናንት ሰርክ ጸሎት ላይ ነበርኩ፤ ቄሱም ምእመኑም አይተውኛል። ስሄድ ሄኖክ ከዚህ ቤት ሲወጣ አየሁት። ቀደም ብሎ ድምፁ ከፍ ብሎ ይሰማ ነበር።»

«ሲወጣ ካዩት በኋላስ ምን ሰሙ?»

ለጦር ሜዳ ያልደነገጡ ሰው ወደ ጥሩምባው ማየት አቃታቸው።

«ደጀ ሰላሙ ጋ ስደርስ ያ ነገር ተነፋ። ጀመረና ተቆረጠ። አማትቤ ገባሁ።»

«ያ ነገር ምንድነው?»

«ከክረምት ወዲህ ሲመሽ ከዚህ ቤት ጥሩምባ ይሰማል። በጨርቅ እንደ ታፈነ። የሞተው ጥሩምባ ነፊያችን፣ ዮሲ ነው ይላሉ። እኔ አላልኩም፤ ይላሉ ነው ያልኩሽ።»

የዛሬውን ጥሩምባ ነፊ አማኑኤልን ሳዳ ያገኘችው ውጭ፣ ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ ነው። ሰው ሲሞት ጎሕ ሳይቀድ ጥሩምባ እየነፋ የሟቹን ስም ሰፈር ለሰፈር የሚለፍፍ እሱ ነው።

«እኔ ከፍልሰታ ወዲህ አልነፋሁም» አለ። «በዚህ ሰፈር ሰው አልሞተማ፣ ተመስገን። ዛሬም ለጋሼ አልነፋሁም። ዳኛ ሳያዝዝ አይነፋም፤ ዳኛው ራሳቸው ሲሞቱ ማን ይዘዘኝ? ሻምበል ያዘዙኝ አሁን ነው።»

«ሞቶ ያልተነፋለት ሰው አለ?»

አማኑኤል አንገቱን ደፋ።

«የእትዬ ብርነሽ ልጅ። ኪሩቤል። እዚሁ ክለብ ነበር የሚሠለጥነው። በባሕር ሊሻገር ሄዶ ጀልባዋ ሰጠመች፤ አብሮት የነበረ ልጅ ነው ደውሎ ያረዳት። ድንኳን ይተከልልኝ፣ ይነፋልኝ አለች። ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ ሕግ ላይ ግን አይቻሉም። ሬሳ የለ፣ ማስረጃ የለ፣ ለጠፋ ሰው አይነፋም አሉ።»

«እትዬ ብርነሽስ ምን አሉ?»

«ዕድሬ ያላወቀውን ሞት እኔም አላውቀውም አለች። ጥቁር አልለበሰችም፤ ነጠላዋን አንድ ቀን አላዘቀዘቀችም። እንደ ማንኛችንም ሆና ዕቃውን ታወጣለች፣ ታስገባለች። በፍልሰታው ለቅሶም ቡና ስትቀዳ ዋለች። አያሳዝንም?»

«ያሳዝናል» አለች ሳዳ። «ወላሂ ያሳዝናል።»

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄኖክ ዐይኑ ቀልቶ ጠበቃት።

«የፈለግኩትን ሰጥተውኝ ለምን እገድላቸዋለሁ፣ አቦ? የጮኽኩት በደስታ ነው። አቅፌያቸው ወጣሁ።» ወደ ታሰረ እጁ አየ። «እኔ እዚህ ከቀረሁ ልጆቹን ያንን በር ማንም አያስረግጣቸውም። ነፍሰ ገዳይ ያሠለጠናቸው ይባላሉ። የስንቱን እናት ለምኜ ነው ከጫት ቤት ያወጣኋቸው።»

ሳዳ የተያዘውን ስልኩን ከፍታ ቀረጻውን አየች። እንደገና አየች። በሦስተኛው አቆመችው።

«ይህ ምግብ ከማነው?» አለች ጥግ ላይ ያለውን ሳህን አይታ።

«እትዬ ብርነሽ ናቸው። ጠዋትም ማታም ያመጡልኛል። እሳቸው ብቻ ናቸው ያልጨከኑብኝ።»

«ሱብሃነላህ» አለች ሳዳ ቀስ ብላ። ደስ አላላትም። አንዳንድ ነገር ሲገባ ልብ ይከብዳል።

በሣልስቱ ከሰዓት ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። ሻምበል ሙሉጌታ ከፊት፣ አማኑኤል በሩ አጠገብ፣ ሄኖክ ከፖሊስ ጋር፣ ወይዘሮ ብርነሽ ድስቶቹ ጋ። የክለቡ ልጆች ደጅ ቆመው ያያሉ፤ ሊገቡ የደፈረ የለም።

«እኛም ጀጎል ውስጥ አፎቻ አለን» ብላ ሳዳ ጀመረች። «ሙት መቅበሪያ ማኅበር ሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ከዚያ ያደገ ሰው እጁ የለመደው ሥራ አለ። የጋሽ ወልደ ጊዮርጊስን ዐይን የከደነ፣ ሸራ ያለበሳቸው ሰው አለ። ሌባ እንዲህ አያደርግም። የገደላቸው ያዘነላቸው ሰው ነው።»

«ሄኖክም ሊያዝን ይችላል» አሉ ሻምበል።

«ይችላል። ግን እርስዎ ሲወጣ አይተውታል፤ ጥሩምባው የተነፋው ከዚያ በኋላ ነው። እርስዎ የመንፈስ ነገር ነው ብለው ተዉት። እኔ ግን ነካሁት፤ እዚህ ግድግዳ ላይ አቧራ የሌለበት እሱ ብቻ ነው። አፉም ተሰርጉዷል፤ ከመድረኩ ከሰው ጋር ወድቋል። ጠቡ የአዳራሽ አልነበረም፤ የጥሩምባ ነበር።»

አማኑኤል እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እኔ አልነፋሁም።»

«አውቃለሁ፤ እርስዎ ቁልፍ የለዎትም። ጓጉንቸር ለመቆለፍ ቁልፍ አያስፈልግም፤ ያን ማታ ማንም ጠቅ አድርጎት ሊሄድ ይችላል። ከክረምት ወዲህ በየምሽቱ ከፍቶ ለመግባት ግን ቁልፍ ያስፈልጋል። ጂን ቁልፍ አይዝም። ቁልፍ የነበራቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሞተዋል።»

ማንም ወደ ድስቶቹ አልዞረም። ሁሉም መሬት መሬቱን አዩ።

«ዕቃ ጠባቂ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ። «ቁልፍ መያዝ ወንጀል ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ።» ሳዳ የሄኖክን ስልክ አወጣች። «ይህ በሩ ሳይከፈት በፊት የተቀረጸ ነው። ሄኖክ የነገረዎት ቁልፍ ይምጣ ብቻ ነው። ሬሳ ያየ የለም፤ ጥሩምባ አልተነፋም፤ በሰፈሩ ሌላ ለቅሶ የለም። እርስዎ ግን ነጠላዎን አዘቅዝቀው መጡ፤ ጥለቱ አገጭዎ ሥር ነው። ለልጅዎ ያላዘቀዘቁትን። ኋላ ሁሉም ሴት ስላዘቀዘቀ የእርስዎን ለይቶ ያየ የለም። ለማን ነበር፣ እትዬ?»

ወይዘሮ ብርነሽ የነጠላቸውን ጫፍ ዳሰሱ፤ እንደ ተዘቀዘቀ ነው።

«አላወቅኩም» አሉ። «ስለብሰው እጄ ነው ያዞረው። ሬሳ እያለ እንዴት ቀጥ አድርጌ ልልበስ?»

ከዚያ በኋላ ጠያቂ አላስፈለጋቸውም።

«ማታ ማታ ለኪሩቤል እነፋለት ነበር። በነጠላዬ አፍኜ፤ ሰው እንዳይሰማ ግን እሱ እንዲሰማ። ከነገ ጀምሮ ልጆቹ ይገባሉ ሲሉኝ፣ ዛሬ ብቻ ልሰናበተው ብዬ ገባሁ። በሩን ክፍት ሳገኘው ጋሼ ዞር ያሉ መሰለኝ፤ ለካ ጓዳ ነበሩ። ወጡና ጥሩምባውን ያዙ። ለሞተ እንጂ ለጠፋ አይነፋም አሉኝ። እዚያች ላይ ልቤ ጠፋ፤ ገፋኋቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም።» ወደ ሄኖክ ዞሩ። «አንተን ግን በደልኩህ። ምግቡን ባመጣሁ ቁጥር ልናገር እያልኩ እመለሳለሁ። ልጄ ይወድህ ነበር።»

ሄኖክ የታሰረ እጁን አንሥቶ ፊቱን ጠረገ።

ፖሊሱ የሄኖክን ካቴና ፈትቶ ወደ ወይዘሮ ብርነሽ ሄደ። ሻምበል ሙሉጌታ ግን ተነሥተው መንገድ ዘጉ። ወደ አማኑኤል ዞረው፣ «ንፋ» አሉ።

«ለማን?»

«ለኪሩቤል። እኔ አዝዣለሁ።»

ሳዳ ፖሊሱን በእጇ ምልክት አቆመችው።

አማኑኤል ጥሩምባውን ከግድግዳው አውርዶ ደጅ ወጣ። ሰፈሩ ያን ድምፅ ከክረምት ወዲህ በፍርሃት ነው የሰማው፤ አሁን ሳይታፈን ወጣ። ሰው ከየቤቱ ብቅ አለ።

«የዕድራችን አባል የወይዘሮ ብርነሽ ልጅ ኪሩቤል አርፏል» ብሎ ለፈፈ። «ቀብሩ...» አለና ቆመ። ለስንት ሰው ሲለፍፍ ኖሮ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ መናገር ያቃተው በኪሩቤል ነው።

«ለቅሶው እዚህ ነው በል» አለ ሄኖክ። «አዳራሹ ውስጥ።»

«ለቅሶው በዕድሩ አዳራሽ ነው» አለ አማኑኤል።

ልጆቹ ጫማቸውን ደጅ እያወለቁ ገቡ። ሄኖክ አግዳሚ ወንበር ሲያወርድ ሁለቱ ረዱት። ወይዘሮ ብርነሽ የአዳራሹን ቁልፍ ከወገባቸው ፈትተው ለሻምበል ሰጡና፣ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ። የፖሊሱ መኪና አልቅሰው እስኪጨርሱ ደጅ ቆየ።