የአምለሰት እናት ሥራ

«ማይ ኔም ኢዝ አምለሰት። አይ ሊቭ ኢን ቡሬ። ማይ ማዘር ኢዝ ኤ ነርስ።»

የውዳሴ እስክሪብቶ ደብተሩ ላይ ቆመ። ቀና ብላ አጠገቧ የተቀመጠችውን ጓደኛዋን አየቻት። አምለሰት ግን ዓይኗን ከመጽሐፉ አላነሳችም።

አዲሱ የእንግሊዝኛ መምህር ቴዎፍሎስ ዘጠነኛ ክፍልን የተረከቡት የካቲት ላይ ነበር። «ከመጀመሪያው እንጀምራለን» አሉ። «ስም፣ አድራሻ፣ የቤተሰብ ሥራ። ማንም እንዳያፍር።» እያንዳንዱ ተማሪ አጠገቡ ያለውን ጠይቆ ከዕረፍት በኋላ ለክፍሉ ያስተዋውቃል፤ ከአሥር ይያዛል። መጽሐፉ ላይ የሥራዎች ሥዕል አለ፤ ሐኪም፣ ነርስ፣ አብራሪ። ገበሬም አለ፤ ባርኔጣ ያደረገ ወንድ።

ውዳሴ ግን የአምለሰትን እናት ታውቃቸዋለች። አምለሰት ከገጠር መጥታ፣ ቡሬ ላይ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ስንቅ ልታመጣ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ ትሄዳለች። ባለፈው ቅዳሜ ውዳሴ አብራት ሄዳ ነበር። እናትየዋን እትዬ መታሰቢያን ያገኟቸው ቤት ውስጥ አልነበረም። የበርበሬ ማሳቸው ላይ እርፍ ጨብጠው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እያረሱ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው። መሬቱን ለሌላ አራሽ ከመስጠት ራሳቸው ማረስ መርጠዋል።

«እንኳን መጣሽ እናቴ። እጄ አፈር ነው፣ አልጨብጥሽም» አሏት። ትንሽ ቆይተው «እንዲያው የኔን ሥራ በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል?» ብለው ጠየቋት።

«ፋርመር ይሉታል፣ እትዬ።»

«አጭር ናት» ብለው ሳቁና በሬዎቹን አዞሩ።

ዕረፍት ሲሆን ውዳሴ አምለሰትን ከውኃው ቧንቧ አጠገብ አገኘቻት።

«አምሌ፣ ነርስ ያልሽው ለምንድን ነው?»

«ነርስ ብለሽ እለፊ በቃ። ማን ያጣራል?»

«እኔ አይቻቸዋለሁ እኮ።»

አምለሰት እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ገበሬ ናት ስል ‹አባትሽን ማለትሽ ነው› ይሉኛል። አይ፣ እናቴ ናት ስላቸው ሙድ ይይዙብኛል። የአገሬ ሰው በአማርኛ ‹ሴት ታርሳለች እንዴ?› ብሎ ብሎ ሲሰለቸው ተወን። አሁን ደግሞ በእንግሊዝኛ ልስማው?»

ውዳሴ ነርስ ብትል እኒያን ሴትዮ ከማሳቸው ያባረረቻቸው መሰላት። ገበሬ ብትል ደግሞ ጓደኛዋ የደበቀችውን በአርባ ተማሪ ፊት ልታወጣባት ነው። ደወሉ ሲደወል ገና አልወሰነችም ነበር።

መጀመሪያ አምለሰት ተነሳች። «ኸር ኔም ኢዝ ውዳሴ። ኸር ፋዘር ኢዝ ኤ ቴይለር» ብላ ሳትሳሳት ጨረሰች። ክፍሉ አጨበጨበ።

የውዳሴ ተራ ደረሰ።

«ኸር ኔም ኢዝ አምለሰት። ሺ ኢዝ ፊፍቲን። ሺ ላይክስ ማትስ። ኸር ማዘር ኢዝ...»

ቆመች። መምህሩ ጠበቋት። ከኋላ ወንበር ስመኘው፣ ከዕረፍት በፊት አምለሰት ያለችውን ሰምቶ ኖሮ፣ «ነርስ» ብሎ ሹክ አላት።

ውዳሴ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። ነገሩ የአምለሰት ነው፤ መናገርም ያለባት እሷ ናት። የምትለውን ሁሉ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ልትደግምላት ወሰነች። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ጥያቄ ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

«አምለሰት፣ ዋት ዳዝ ዩር ማዘር ዱ?»

አምለሰት መምህሩ ሳይጠሯት ብድግ አለች።

«ማይ ማዘር ኢዝ ኤ ፋርመር።»

«ፋዘር ለማለት ነው» አለ ስመኘው።

«ማዘር» አለች። «ማይ ማዘር...» ቃሉ ጠፋት። ቀኝ እጇን እንደ ጨበጠች ወደ ታች ተጫነች። «ቲቸር፣ ማረስ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

መምህር ቴዎፍሎስ ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ስድስት ፊደል ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አይነበቡም። «ፕላው» አሉ። «መጽሐፋችሁ ላይ የለም። ጻፉት።»

«ሺ ፕላውስ» አለች አምለሰት።

ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ። ፊት ወንበር ያለች ልጅ ግን ከልቧ ገርሟት «በሬዎቹ እሺ ይሏታል?» ብላ ጠየቀች።

«በእንግሊዝኛ ጠይቂ» አሏት መምህሩ። ልጅቱ ሞክራ ሞክራ ሲያቅታት ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ አምለሰትም አብራ ሳቀች። ከዚያ በአማርኛ መለሰችላት፦ «ከአባቴ ይበልጥ እሷን ይሰሙ ነበር።»

ውዳሴ ወደ ክፍሉ ዞራ የቀረውን ዓረፍተ ነገር ጨረሰች።

ሲለቀቁ ጎን ለጎን እስከ ግቢው በር ድረስ ሄዱ። አምለሰት ተቆጥታ ይሁን አይሁን ውዳሴ አላወቀችም። ከበሩ እንደ ወጡ አምለሰት እጇን ዘረጋች።

«ስልክሽን አውሽኝ።»

ውዳሴ አጥፍታው የነበረውን ስልክ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ከፍታ ሰጠቻት። አምለሰት ቁጥሩን በቃሏ መታች። ጠራ፤ የሚያነሳው ጠፋ። ደግማ ደወለች።

«ማሳ ዳር ትታው ነው» አለች። «በሬዎቹን ሳትፈታ አታነሳም። ስትፈታ ራሷ ትደውላለች።»

«ምን ልትያቸው ነው?»

«እንዴት ዋልሽ ልላት ነው።» ስልኩን እያየች «ከዚያ ምናልባት እነግራታለሁ» አለች።

ውዳሴ ምሳ ቀምሳ አባቷ ሱቅ ሄዳ ሸሚዞች ላይ ቁልፍ መትከል ነበረባት። ግን ከአጥሩ ሥር ጥላ ያረፈበት ድንጋይ አየች።

«ቤት አይጠብቁሽም?» አለቻት አምለሰት።

«ይጠብቁኛል» አለች ውዳሴ፤ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ፣ ለጓደኛዋ ቦታ ለቀቀችላት።