የክሪሉ ሣጥን

የመጀመሪያው በረዶ የቫኑን ኮፈን ሲመታ ግዛቸው ድንጋይ የተወረወረበት መስሎት ዘወር አለ። ሁለተኛው የፊቱን መስታወት ሰነጠቀው። ከዚያ በኋላማ ማን ይቆጥራል! ሰማዩ እንደ ጆንያ ተቀደደና የዶሮ እንቁላል የሚያህል በረዶ በሃይዌይ 635 ላይ ይዘረገፍ ጀመር። መኪናው ሁሉ ድልድይ ሥር ለመደበቅ ሲጋፋ መንገዱ ተዘጋ።

«እንዳትቆም!» አለች አጠገቡ የተቀመጠችው የትምወርቅ። «ጋሽ ግዛቸው፣ በእናትህ እንዳትቆም!»

«ታዲያ ልብረር? ብሎክ ሆኗል እኮ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምወርቅ ሪቻርድሰን በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የባሕር ፍጥረት የምታጠና ናት፤ ባሕር በሌለበት በዳላስ! ሐበሻው በዚህ ስንት ጊዜ ስቆባታል። ግዛቸው ደግሞ ከኤርፖርቱ ካርጎ ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ዕቃ የዘገየበት ሰው ሁሉ የሚደውለው ለእሱ ነው። በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በፈረንጆቹ ዘጠና አምስት ግንቦት፣ ቫኑ ኋላ የጫነው አንድ ነጭ ሣጥን ብቻ ነበር። ውስጡ ከደቡብ ዋልታ ባሕር በሁለት በጋ የተለቀመ፣ በሁለት መቶ ከረጢት የተቋጠረ ክሪል አለ። ክሪል ከጣት የማትበልጥ የሽሪምፕ ዘመድ ናት።

«ለዚች ትል ነው መስታወቴ የተሰበረው?» አለ ግዛቸው።

«ትል አይደለችም! ዓሣ ነባሪው፣ ፔንግዊኑ፣ ሁሉም እሷን በልቶ ነው የሚያድረው። አሁን ደግሞ መርከቦች በቶን ይዝቋታል። በዓመት ስንት ይዛቅ ብለው የሚመክሩት ሰዎች ሰኞ ጠዋት ይሰበሰባሉ፤ የክሪሏን ዕድሜ የሚያሳየውን የኔን ቁጥር በፋክስ እየጠበቁ ነው። ካልደረሳቸው ባሮጌው ይቀጥላሉ።»

«ብትቀልጥስ?»

«ከቀለጠች የገዛ ሆዷ ይፈጫታል። በጥቂት ሰዓት ጥቁር ሾርባ ትሆናለች። ሌላ ደግሞ የለኝም።»

ግዛቸው ሣጥኑን በኋላ ማያ መስታወቱ ሰረቅ አድርጎ አየ። መሪውን ጠመዘዘ፣ በሣሩ ቁልቁል ወረደና አንዳንድ እሑድ ዓሣ ሊያጠምድ በሚሄድበት የኮረኮንች መንገድ ወደ ኤልም ፎርክ ወንዝ ጫካ ገባ።

በደህናው ቀን ኤልም ፎርክ ጭቃ የለበሰ፣ ሰነፍ ወንዝ ነው። ያን ቀን ግን ሰክሮ ነበር! ዛፍ ከነሥሩ፣ የሰው አጥር፣ የሰው ወንበር ተሸክሞ ያገሳል። ውሃው ከግራ መጣ ሲሉ ከቀኝም መጣ፤ ቫኑ አንዴ ተንገዳገደና ሞተሩ ጠፋ። ሁለቱም በመስኮት ወጥተው፣ ሣጥኑን ጎትተው አውጥተው፣ ወገባቸው ድረስ እየጠለቁ ከአንድ ጉብታ ላይ ወጡ። ዞር ብለው ሲያዩ ቫኑ ጎርፉ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል።

የትምወርቅ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ እጇን ሰደደች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ድራይ አይሱ የት ሄደ? ሳይቀልጥ እንደ ጭስ የሚተነው በረዶ! እስከ ነገ የሚበቃ ነበር እኮ የላኩልኝ!»

ግዛቸው ጫማውን አየ።

«የጎረቤቴ የሮማነወርቅ ሰርግ ዛሬ ነው። እዚያ ሜስኪት ከተማ። አዳራሹ ደግሞ ፍሪጅ የለውም...»

«እና?»

«እና ለስላሳው እንዳይሞቅ ብዬ፣ ጠዋት መጋዘን ቁጭ ብሎ ሳየው፣ ማለቴ፣ ግማሹን ብቻ ነው የወሰድኩት! የሬስቶራንት ሽሪምፕ መስሎኝ እኮ ነው!»

ወይ ሐበሻና ሰርግ! ለሰው ድግስ ሲሯሯጥ የማያነሳው የለ። የትምወርቅ ጭቃው ላይ ዘፍ አለች። «የሁለት ዓመት ሥራዬ የኮካ ማቀዝቀዣ ሆነ!» ብላ ጮኸች፤ ንዴቱም ልቅሶውም አንድ ላይ መጣባት። ግዛቸው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ቁመቷን ለክተው የላኩት የለም? ከዚያ ዕድሜዋን ማወቅ አይቻልም?»

«ስህተቱ እሱ ነዋ! ክሪል ስትራብ ታጥራለች። ቅርፊቷን በቀየረች ቁጥር ከበፊቱ አንሳ ትወጣለች። መርከበኞቹ ትንንሾቹን አይተው ‹ገና ልጆች ናቸው፣ ባሕሩ እየወለደ ነው› ይላሉ። እኔ ደግሞ የተራቡ አሮጊቶች ናቸው እላለሁ። ማረጋገጫው እዚህ ሣጥን ውስጥ ነው።»

ግዛቸው ድንገት ቀና አለ።

«እኔ ሱዳን ስገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «በረሃውን በእግሬ አቋርጬ አጥንቴ ብቻ ቀርቶ ነበር። ካምፕ ውስጥ የሚመዘግበው ሰውዬ አንዴ አየት አደረገኝና አሥራ ስድስት ብሎ ጻፈ። ብነግረው፣ ብነግረው፣ አልሰማኝም። ዛሬም ግሪን ካርዴ ላይ ስድስት ዓመቴ የለም።»

ጃኬቱን አውልቆ በሣጥኑ ዙሪያ ጠመጠመ፣ እንደ ውሃ እንስራ ብድግ አድርጎ አናቱ ላይ አስቀመጠና «ተነሺ!» አላት።

ጉብታው እንደ ሸንተረር ረዝሞ ወደ ዋናው ወንዝ ይወርዳል። ሃምሳ እርምጃ ሳይሄዱ ጥቁር የዱር አሳማ ግልገሎቿን አስከትላ ፊት ለፊታቸው ቆመች፤ እሷንም ጎርፍ አባሯት ነው የመጣችው። ጥርሷን አፋጨች። ግዛቸው እጁ ሣጥን ላይ ነው፤ መሮጥም መምታትም አይችልም።

«የትሜ!»

«ዝም በል፣ አትነቃነቅ!» የትምወርቅ ቦርሳዋን በርብራ አጭሯን ጃንጥላ አወጣችና በአሳማዋ አፍንጫ ሥር ፏ አድርጋ ከፈተቻት። አሳማዋ አጓርታ፣ ግልገሎቿን አንጋግታ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች። የትምወርቅ ራሷ ባደረገችው ተገርማ ሳቀች፤ ግዛቸውም ሳቀ።

ሳቁ አልቆየም። ሸንተረሩ አልቆ ውሃው ደረታቸው ድረስ ሲመጣ፣ ቀይ ምንጣፍ የመሰለ ነገር እየተንሳፈፈ ወደ እነሱ መጣ። ጉንዳን ነው! ጎርፍ ሲመጣ እርስ በርሱ ተያይዞ የሚንሳፈፈው፣ እንደ እሳት የሚለበልበው የቴክሳስ ጉንዳን። ግዛቸው ሊሸሽ ቢል ሣጥኑ አናቱ ላይ ነው። ጉንዳኑ ክንዱን፣ አንገቱን፣ ጆሮውን ወረረው። የትምወርቅ በውሃ እያጠበችና በእጇ እያራገፈች «ጣለው! ሣጥኑን ጣለው!» አለችው፤ ከሥራዋ ይልቅ እሱ አሳሰባት።

«አልጥልም!» ጥርሱን ነክሶ፣ እንባው እየወረደ፣ ውሃውን እየገፋ ሄደ።

ዋናው ወንዝ ዳር ሲደርሱ ከዛፍ የታሰረ ጀልባ አዩ። አንድ ሸበቶ ፈረንጅ የአምባዛ መንጠቆውን ዘርግቶ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ዌይን እባላለሁ አለ። ማዶ ፒካፕ እንዳለውም ነገራቸው። «ጀልባዋ ትንሽ ናት፤ መጀመሪያ ሣጥኑን አቀብሉኝ።»

አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት እንደሚባለው፣ ዌይን ሣጥኑን ተቀብሎ፣ ክዳኑን ገልጦ ሲያይ ዓይኑ በራ። «በቀዘቀዘ ሽሪምፕ የተሞላ! ለአምባዛ ከዚህ የተሻለ ማጥመጃ የለም» ብሎ ገመዱን ፈታና ጀልባዋን ገፋ። ግዛቸው በደረቱ ተወርውሮ የጀልባዋን ጠርዝ ጨበጠ። ዌይን ጠመንጃውን አነሳ።

«ልቀቅ!»

«አለቅም! ግደለኝ!» አለ ግዛቸው በአማርኛ።

«ቆይ!» ብላ የትምወርቅ በእንግሊዝኛ ጮኸች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ቀርባ እጇን ሣጥኑ ውስጥ ከተተችና ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገች። የላዩ ረድፍ ላልቷል፤ ጣቷ ይገባል። አርባ ከረጢት፣ የመጀመሪያው በጋ ለቀማ በሙሉ! ከሥሩ ያለው ግን ድንጋይ ነው። አርባውን አወጣችና ዌይን እግር ሥር ዘረገፈችው።

«ይሄ ለኔ ሞቷል፤ ላንተ አምባዛ ግን ሰርጉ ነው። ይሄን ውሰድ፤ የቀረውን ከእኛ ጋር አሻግረህ ሪቻርድሰን አድርሰን። ይሄ ሰው እዚህ ጎርፍ ውስጥ ከጉንዳን ጋር የተዋጋው ለዚህ ነው፤ አንተ በጠመንጃ አታስጥለውም።»

ዌይን የግዛቸውን ክንድ አየ፤ አብጦ፣ ቀልቶ፣ አሁንም ጀልባዋን አልለቀቀም። ጠመንጃውን አስቀመጠ። «ግቡ» አለ፤ «ቶሎ በሉ፣ ቁልቁል ሊወስደን ነው።» ሦስቱም እየቀዘፉ፣ በግንድ እየተላተሙ፣ እየተሳደቡ ተሻገሩ። ፒካፑ በጭቃው ላይ ፈረስ ሆነ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሣጥኑ ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ ከሚቀዘቅዘው የላብራቶሪ ፍሪዘር ገባ፤ የትምወርቅም ዌይንን ሳይቀር አቅፋ ሳመችው።

በማግስቱ ግዛቸው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ላብራቶሪው መጣ። አንገቱ አብጦ የሸሚዙ ቁልፍ አልዘጋ ብሎታል። የትምወርቅ መብራቱን አጥፍታ ማጉያ መነጽሩ ፊት አስቀመጠችው።

«ይቺ ቁመቷ ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው። በማስመሪያ ከሄድን የሁለት ዓመት ልጅ ናት። ያ የሚያበራው ቢጫ ነገር ግን ዕድሜ ዓይኗ ውስጥ ያጠራቀመው ነው፤ ረሃብ አይቀንሰውም። እስካሁን ያየኋቸው ሌሎች ሃያዎቹም እንደዚሁ ናቸው።»

«ስንት ዓመቷ ነው ታዲያ?»

«ስድስት። ከስድስት አያንስም።»

ግዛቸው ዓይኑን ከመነጽሩ አላነሳም። ደስታው ደረቱን ሊቀደው ደረሰ።

«ጻፊው» አለ። «ስድስት ብለሽ ጻፊው። አሁኑኑ፣ እኔ እያየሁ።»