አንድ ሳምንት በፊዬልቢ

ሰውየው ጋዜጣውን አጥፎ አግዳሚው ላይ ተወው።

ዘካርያስ በልቡ እስከ አስር ቆጠረ። ከዚያ ጋዜጣውን የራሱ ይመስል አንስቶ ብብቱ ስር ሸጎጠው። በእጥፋቱ ውስጥ አንድ ትንሽ የሻንጣ ቁልፍ አለ።

ጊዜው በፈረንጅ ዘጠና ስድስት፣ ሐምሌ ነው። የኦስሎ ባቡር ጣቢያ ለሶመርፌሪ፣ ለፈረንጆቹ የበጋ ዕረፍት፣ በሚወጣ ሰው ተጨናንቋል። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው የባቡሮቹን ሰሌዳ ያያሉ። ጋዜጣውን የተወው ጌቱ ነው፤ በስለላ ቢሮው መዝገብ «ሸማኔ»። ሌላው ዘካርያስ፣ «መርፌ»።

«ደብተሩ ብቻ» አለ ጌቱ።

«ሰውየውስ?»

«ማንም አይነካውም።»

«ከተነቃብኝስ?»

«ደውል። ‹ዝናብ መጣ› በል። ቅርብ ነን።»

«ከዚያ አገሬ እገባለሁ።»

«ብለንሃል እኮ።»

«እናቴስ?»

ጌቱ ሰዓቱን አየ። «ደህና ናቸው። እየጠበቁህ ነው።»

እናቱ ልባቸውን ያማቸዋል። ዘካርያስ ብቸኛ ልጃቸው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያያቸው እንዳይሞቱበት እየፈራ አድሯል። የመጨረሻውን ወር ደግሞ ቢሮው ስልክ እንኳ ከልክሎታል፤ ሥራው እስኪያልቅ ነው አሉት። ይህን ደብተር ካመጣ ጉለሌ ገብቶ ከእግራቸው ስር ይቀመጣል። ሌላ ምኞት አልነበረውም።

ውሸት የሚበረክተው ግማሹ እውነት ሲሆን ነው ብለው አስተምረውታል። ስለዚህ ስሙ የራሱ ነው፤ እናቱም የራሱ ናቸው። ጠዋት ሴንትሩም፣ መሃል ከተማ፣ ቢሮ ያጸዳል፤ ሊንደበርግ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሃውገንስቱዋ፣ ጋሼ ወንድይራድ ቤት ምሳ ይበላል። የሚሰልለውም እሳቸውን ነው።

ወንድይራድ በድሮው መንግሥት የእስር ቤት መዝገብ ጸሐፊ ነበሩ። ሌሊት ተወስደው ያልተመለሱ እስረኞችን ስም፣ ያስወሰዷቸውንም ሰዎች ስም በአንድ ደብተር ገልብጠው ይዘው ወጥተዋል። በነሐሴ ለፍርድ ቤት ሊሰጡት ነው። ከአስወሳጆቹ አንዱ ግን መንግሥት ሲገለበጥ ኮቱን ገልብጦ ዛሬ የቢሮው ሹም ሆኗል።

«ዘኪ! ኮም ዳ! ና እንጂ!»

ሩቲ ናት፤ የወንድይራድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። እናቷ ሠናይት ከኋላዋ ትጣራለች። ወንድይራድ ቡናማ ሻንጣቸውን ለማንም አላስነኩም። ዘካርያስ ዞር ሲል ጌቱ የለም።

ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ልጅ ላለው ቤተሰብ በሶመር ለአንድ ሳምንት ተራራ ላይ ሂታ፣ የእንጨት ማረፊያ ቤት፣ ይሰጣል። ፊዬልቢ አንድ ሱቅ፣ አንድ ድልድይና ጥቂት የእንጨት ቤቶች ያሏት መንደር ናት። በሐምሌም የተራራዋ ጫፍ ላይ በረዶ አለ። ዘካርያስ እንዲመጣ ወንድይራድ ለምነውታል፤ «ካልመጣህ እኛም እንቀራለን» እስከማለት ደርሰው ነበር። ዕድሉ ራሱ እየሮጠ ስለመጣለት ደስ ብሎታል።

በማግስቱ ቤተሰቡ ሐይቁ ላይ ጀልባ ሊቀዝፍ ሄደ። ዘካርያስ ሆዴን አመመኝ ብሎ ቀረ።

ቁልፉ ገባ። ሻንጣው ተከፈተ።

ከላይ ጥቁር ቀሚስና የታጠፈ ነጠላ አለ። ለሶመርፌሪ ጥቁር ቀሚስ ምን ይሠራል? አላሰበበትም፤ እጁ ቸኩሎ ነበር። ደብተሩ ከስር በፌስታል ተጠቅልሏል። አውጥቶ በሸሚዙ ውስጥ ደበቀው። ሻንጣውን ቆልፎ ሲነሳ የሩቲ ሳቅ ከሐይቁ ተሰማው።

ማታ ሠናይት ዓሣ በአዋዜ ሠርታ አቀረበች። ደጋግማ አጎረሰችው።

«በቃኝ፣ እትዬ።»

«ዛሬ ብላ፣ ዘኪ። በሞቴ። ጠግበህ ብላ።»

ድንገት ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ነው አለች። ሽንኩርት የከተፈ ሰው ግን አልነበረም።

ዘካርያስ ሳህኑን ገፋ አደረገ።

ከእራት በኋላ ወንድይራድ ሱቁ በር ላይ ወዳለው ስልክ ሄዱ። ተከተላቸው። ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ሆኖ አዳመጠ።

«ጎሕ ሲቀድ ድረሱ፣ አቶ መኩሪያ። ከነጋ አይሆንም። ...አይ፣ ምንም አልጠረጠረም። እኔ ከቤት አወጣዋለሁ።»

ነቅተውበታል።

አንድ ወገኑ ቁጭ ብሎ ያስብ አለው። እነዚህ ሰዎች ሲታመም ሾርባ ይዘውለት ሊንደበርግ ድረስ የመጡ ናቸው። ሌላው ወገኑ ግን ሁለት ዓመት ከፍርሃት ጋር የተኛው ነው። ጅብ ከሚበላህ ጅቡን በልተህ ተቀደስ አለው። ወንድይራድ ከሄዱ በኋላ ስልኩን አነሳ።

«ዝናብ መጣ።»

«ደብተሩስ?» የጌቱ ድምፅ ነው።

«እጄ ላይ ነው።»

«ጎሕ ሲቀድ ድልድዩ ላይ። ሰውየውንም ይዘኸው ና።»

«ማንም አይነካውም ብለሃል።»

«እናናግረዋለን፤ ሌላ የለም። እናትህን ማየት ትፈልጋለህ አይደል?»

ስልኩ ተዘጋ።

ጎሕ ሲቀድ ወንድይራድ ለብሰው ሶፋው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«ጋሼ፣ እስከ ድልድዩ እንራመድ?»

«እኔም ልልህ ነበር» አሉና ተነሱ።

ሁለቱም አንዱ ሌላውን ከቤት ለማውጣት ተጣድፈዋል። በመንገድ ወንድይራድ ክንዱን ያዙት።

«እናትህ ስንት ልጅ ወለዱ?»

«እኔን ብቻ።»

«አንተን ብቻ» አሉ። እጃቸው ክንዱ ላይ ጠበቀ።

ድልድዩ ላይ ግራጫ መኪና ቆሟል። ጌቱና አንድ ግዙፍ ሰው ወረዱ። በዚያው ቅጽበት ከኋላ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ዘካርያስ ዞሮ አየ።

ሂታው በር ላይ ሦስት መኪኖች ደርሰዋል። መጀመሪያ አቶ መኩሪያ ወረዱ፤ የሰበካው ሽማግሌ ናቸው፣ ከዘራ ይዘዋል። ከዚያ ሴቶቹ። ጥቁር ለብሰዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

ሰው እህል ሳይቀምስ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ጥቁር ለብሶ። አበሻ የሆነ ሁሉ ይህን አመጣጥ ያውቀዋል።

መርዶ ነው።

ለእሱ ነው።

«እናቴ?» አለ ወደ ጌቱ ዞሮ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

ጌቱ መለሰ፤ «ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ሥራው እንዳይበላሽ ብለን ነው።»

ግዙፉ ሰው ወንድይራድን ከኋላ ያዘ። ጌቱ ደብተሩን ከዘካርያስ ሸሚዝ ውስጥ መዝዞ ወሰደ። ወንድይራድ ደብተሩን አዩ። ዘካርያስን አዩ። ሁሉም ገባቸው። ግዙፉ ሰው መኪናው ውስጥ ከተታቸው።

ዘካርያስ የመኪናውን በር ይዞ ተንጠለጠለ። «ልቀቁት! አልነቃብኝም! ተሳስቼ ነው!»

«የደወልከው አንተ ነህ» አለ ጌቱ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያላቀቀ።

«ዘኪ» አሉ ወንድይራድ ከውስጥ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቢኖርበት ይሻለው ነበር። «ወደ ቤት ግባ። ሰው እየጠበቀህ ነው። ብቻህን እንዳትሆን።»

መኪናው ሄደ።

መሸሽ ይችል ነበር። እግሩ ግን ወደ ሂታው ወሰደው። አቶ መኩሪያ በሩ ላይ ትከሻውን ያዙት።

«በርታ፣ ልጄ። እናትህ ወይዘሮ አባይነሽ አርፈዋል።»

ጮኸ። ሴቶቹ አብረውት ጮኹ። ሠናይት ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ከእናቱ ጎረቤት በስልክ የሰማችው እሷ ናት። ኦስሎ ብቻውን ባለባት ክፍል እንዳይሰማ፣ ወንድይራድ ናቸው ይህን ሁሉ ያሰቡት። እያለቀሰች ነገረችው። ዘካርያስ ለእናቱ አለቀሰ፤ ከዚያ ለማን እንደሚያለቅስ አላወቀውም።

ሲረጋጋ ሠናይት በሩን አየች።

«ወንድይራድ የት ቀረ?»

ሩቲ በፒጃማዋ ደረጃው ላይ ቆማ መልሱን ትጠብቃለች።

«ከኋላ ነው» አለ ዘካርያስ። «አሁን ይደርሳል።»

ፊቴን ልታጠብ ብሎ በጓሮ ወጣ። ወደ ቁልቁለቱ ሮጠ። ወንድይራድን ከዚያች ቀን በኋላ ያያቸው የለም። ደብተሩም ፍርድ ቤት አልደረሰም።

አገሩ አልገባም። የሚገባለት ሰው የለም። ፖሊስም ይፈልገዋል። አዲስ ወረቀት የሚሰጠው ደግሞ ያው ጌቱ ብቻ ነበር፤ ተቀበለው። በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ሌላ ቢሮ ያጸዳል። ለሐዘን የተወውን ጢሙን አስላጩት፤ ጥቁር ልብሱንም አስጣሉት። በአዲሱ ታሪኩ እናቱ በሕይወት አሉ።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ የአገሩ ሰዎች ይጠይቁታል።

«እማማ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው» ይላል። «እግዚአብሔር ይመስገን።»