የቀይ ጉጉት ድምፅ

«ከሳቅሽብኝ እንጣላለን» አለ ያርሌ፣ ዲስኩን ማጫወቻው ውስጥ እየከተተ።

«አልስቅም» አለች ሱኒቫ እየሳቀች።

«ይኸው! ገና ሳይጀምር።»

እሑድ ከሰዓት ነበር። የበርገን ከተማ ዝናብ እንደ ልማዱ መስኮቱን ያጥባል። ሱኒቫ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ በመካከላቸው የቀረፋ ዳቦ የያዘ ሳህን አለ። ያርሌ በልጅነቱ የሚወደውን የካርቱን ፊልም አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ አግኝቶት፣ ሳምንቱን ሙሉ ከእሷ ጋር ለማየት ሲቋምጥ ነበር የከረመው። ምን ዓይነት ፊልም እንደሆነ ግን አልነገራትም። «ጀግና አለበት፤ ካባ ይለብሳል፤ ሌላውን ታይዋለሽ» ብቻ ነበር ያላት።

የተዋወቁት በጸደይ ነው። ሱኒቫ መሃል ከተማ በሚገኝ መነጽር ቤት የዓይን መርማሪ ናት። ያርሌ ደግሞ ወደ ሰሜን በሚመላለስ የጭነት መርከብ ላይ የሞተር መካኒክ ነው። ለሁለት የተከፈለ መነጽር ይዞ መጣ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችው።

«ተቀመጡበት።»

«እነማን?»

«እኔ ነኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ስትመረምረው እንደተለመደው «የቀኝ ጆሮዬን ይመልከቱ» አለችው። ጆሮዋ ላይ አፈጠጠ። ፊቶቻቸው በጣም ተቀራርበው ነበር፤ ትንፋሹን ይዞ መቆየቱን አወቀችበት። «በቃ፣ ጨርሰናል» ስትለው፣ «እኔ ጆሮዎን አይቼ አልጨረስኩም» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መርከቡ ወደብ በደረሰ ቁጥር አብረው ናቸው።

አንድ ቀን ዓሣ ገበያው አጠገብ ሲንሸራሸሩ ስለ ቤተሰቧ ጠየቃት። እናቷ ደቡብ አገር እንደምትኖር ነገረችው። «አባትሽስ?»

«ሞቷል» አለች።

ቃሉ ራሱን ችሎ ነው የወጣው። ልትመልሰው አፏን ስትከፍት ያርሌ እጇን ጥብቅ አድርጎ ይዞ «አዝናለሁ የኔ ቆንጆ» አላት። እንዲህ ካዘነላት በኋላ «ዋሽቼህ ነው» ማለት እንዴት ይቻላል? አፈረች፤ ዝም አለች። ዝምታው በየሳምንቱ እየከበደ ሄደ።

አሁን የቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ርዕሱ በቀይ ፊደል ተጻፈ፦ ቀይ ጉጉት።

የሱኒቫ ሳቅ ደረቀ።

ካባ የለበሰ፣ የጉጉት ጭምብል ያጠለቀ ሰው ጣሪያ ላይ ቆሟል። «አትፍሩ» አለ። «እኔ እዚሁ ነኝ።» ድምፁ ወፍራምና ሙቅ ነው፤ እንደ ብርድ ልብስ ሰውን ይሸፍናል።

የአባቷ ድምፅ ነበር።

«ደመናውን አየሽው?» ያርሌ ጭኑን እየመታ ሳቀ። «ያው አንዱ ደመና እኮ ነው እየተመላለሰ የሚያልፈው! ሕንፃዎቹን እይ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ይኼንን ነው እንግዲህ በዓለም ላይ አቻ የለውም እያልኩ ስምል የኖርኩት። አፈርኩ።»

ሱኒቫ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ያርሌ ግን ቀስ በቀስ ሳቁን ትቶ ወደ ፊት አዘነበለ።

«ድምፁ ግን አላረጀም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባቴ ጥሎን ሲሄድ ያደግኩባት ደሴት ላይ የቀረነው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከረሜላዬን ይዤ እዚህ ሰውዬ ፊት እቀመጣለሁ። ቤታችን ውስጥ የሚሰማ የወንድ ድምፅ የሱ ብቻ ነበር። እንደ አባት ነበር የምሰማው። ማን እንደሆነ ብዙ ፈልጌ ነበር፤ ስሙ የትም የለም።»

ዞሮ ሲያያት ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ውይ፣ አባትሽን አስታወስኩሽ። ይቅርታ፣ ሞኝ ነኝ።»

ትከሻዋን አቀፋት። ሱኒቫ ፊቷን ደረቱ ውስጥ ደበቀች፤ ከኀዘን ሳይሆን እንዳያያት ነበር።

አባቷ ሃልቫርድ የመድረክ ተዋናይ ነበር። በዚያ ድምፅ የአገሩን ልጆች ሁሉ ደፋር ሲያደርግ፣ ቤቱ የሚገባው ግን ግድግዳ ተደግፎ ነው። ሱኒቫ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት የትምህርት ቤቷ የጸደይ በዓል ላይ በክብር ተጋበዘ። ልጆቹ የወረቀት ጭምብል ሠርተው ሲጠብቁት ሰክሮ መጣ። «አት... አትፍሩ» ብሎ ሊጀምር ሲል ሚዛኑን ስቶ ዋፍል የሚባል ጣፋጭ ቂጣ የተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ወደቀ፤ ጃም ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ልጆቹ መጀመሪያ የጨዋታው አካል መስሏቸው አጨበጨቡ። ቆይተው ነው የገባቸው። ከዚያ ወዲያ ትምህርቷን እስክትጨርስ ስሟ «ሰካራሟ ጉጉት» ሆኖ ቀረ። አሁን አባቷ ከከተማው ዳር ባለች ትንሽ አፓርታማ ብቻውን ይኖራል። ለገና ካርድ ትልክለታለች፤ እንዳታየው ግን መንገድ ትቀይራለች።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ከያርሌ ጋር በከተማው ባቡር ወደ መሃል እየሄዱ ሳለ፣ ከኋላ በኩል አንድ ሽማግሌ «እመቤት፣ የሕፃኑን ጋሪ ትንሽ ጠጋ ቢያደርጉልኝ?» ሲል ተሰማ።

ያርሌ ክንዷን ያዘ። «ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«እሱ ነው! ሱኒቫ ሙች፣ እሱ ነው!»

ልትይዘው እጇን ሰነዘረች፤ አመለጣት። ሰው እየገፋ፣ ይቅርታ እያለ ሽማግሌው ፊት ደርሶ እንደ ተማሪ ቆመ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ቀይ ጉጉት ነዎት?»

ሃልቫርድ ሳቀ። ከስቷል፤ ካፖርቱ ግን ንጹሕ ነው፣ ጢሙም ተላጭቷል። «ኧረ ልጄ፣ በድምፄ የሚያውቀኝ ሰው ዛሬም አለ?»

«እኔን ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት እኮ!»

ሽማግሌው ቀና ሲል፣ ከያርሌ ትከሻ ኋላ ልጁን አያት።

ሱኒቫ «አይሆንም» በሚል ራሷን ነቀነቀች። እንቅስቃሴው ከዓይን ጥቅሻ አይበልጥም፤ ለአባቷ ግን በቂ ነበር። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ ብሎ ጠፋ፤ በቦታው ጨዋ የእንግዳ ፈገግታ ተተካ።

«እርስዎስ ወይዘሪት?» አላት። «በልጅነትዎ ያዩት ነበር?»

እርስዎ አላት። የገዛ አባቷ።

«አላስታውሰውም» አለች።

«ግድ የለም። ሁሉም ሰው ማስታወስ የለበትም።» የያርሌን እጅ ጨብጦ በቀጣዩ ፌርማታ ወረደ። ጃንጥላውን ሳይከፍት ዝናቡ ውስጥ ሲሄድ በመስኮቱ ታየ።

«አየሽው?» አለ ያርሌ። «ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው! ለምን አኮረፍሽው?»

«አባቴ ነው።»

ያርሌ የምትቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር። ፊቷን ሲያይ ተወው። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረዱ፤ ሱኒቫ ጣሪያው ሥር ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ በዓሉን፣ ጃሙን፣ ቅጽል ስሟን።

«ሰው በቁሙ ቀበርሽ» አለ ያርሌ።

«አፍሬ ነው።»

«በሱ ማፈርሽ ይገባኛል። እኔንስ ምን አድርገሽ ገመትሽኝ? የሰካራም ልጅ ናት ብዬ የምሸሽ? እኔ ፊቱ ቆሜ አሳደጉኝ ስለው፣ አንቺ ከኋላዬ ሆነሽ ካድሽው።»

በማግስቱ ወደ መርከቡ ሄደ። አልሳማትም።

ሱኒቫ ያን ሳምንት የሰው ዓይን ስትመረምር ዋለች፤ የራሷን ግን መስተዋት ላይ እንኳ ማየት አልፈለገችም። ሥራ ባልነበራት ቀን አባቷ ቤት ሄዳ ደወለች። በሩን የከፈተው የወጥ ቤት ሽርጥ እንደታጠቀ ነው።

«ሱኒቫ! ግቢ፣ ዝናብ አይምታሽ።»

ቤቱ የሽንኩርትና የሳሙና ሽታ አለው። ዓይኗ ሳታስበው በመደርደሪያው፣ በመስኮቱ ደፍ፣ ከሶፋው ጀርባ ጠርሙስ ፈለገ። አባቷ ዓይኗ የሚሄድበትን ተከተለ።

«ለምን እንደማታውቀኝ ሆንክ?» አለችው።

«ለመንሽኝ እኮ።»

«እሺ ማለት ነበረብህ?»

«ልጄ፣ አንቺን ብዙ ጊዜ ሰው ፊት አሳፍሬሻለሁ። አንዴ እንኳ ሳላሳፍርሽ ልለፍ ብዬ ነው።» ወንበር ሳበላት። «ጥሩ ልጅ ነው። መነጽሩ ግን ጠማማ ነው፤ አንቺ እያለሽ?»

ሱኒቫ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። «መጠጥ...» ብላ ጀምራ አቋረጠች።

«ካቆምኩ አራት ዓመት ሆነኝ።»

«አራት ዓመት? ለምን አልነገርከኝም?»

«ስንት ጊዜ አቆምኩ ብዬ ዋሸሁሽ? አሁንስ ሳላወራ ልተወው አልኩ።»

ራሷን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። አራቱን ዓመት ሙሉ ዳቦ ስትገዛ፣ መንገድ ስትሻገር ሸሽታዋለች፤ የሸሸችው ሰው ግን እዚያ አልነበረም። አባቷ ፀጉሯን ሊዳስስ እጁን ዘርግቶ አመነታ። ከዚያ ቀስ ብሎ አሳረፈው።

መርከቡ ወደብ በደረሰበት ቀን ሱኒቫ ከጭነቱ አጠገብ ቆማ ጠበቀች። ያርሌ ቦርሳውን አንግቶ ወረደ፤ ሲያያት ቆም አለ።

«ይቅርታ አድርግልኝ የምለው ብዙ ነው» አለች። «አባቴ ግን ዋፍል እየጋገረ ይጠብቀናል። አንተ ከመጣህ።»

ያርሌ ባሕሩን አየ፤ ጫማውን አየ፤ እሷን አየ።

«ዋፍሉ በቡናማ አይብ ነው?»

«በቡናማ አይብ ነው።»

«እንግዲያው ቦርሳውን አግዢኝ» አለ። አንዱን ማንገቻ እሷ፣ አንዱን እሱ ይዘው ሄዱ።

በሚቀጥለው በጋ ተጋቡ። ድግሱ ያርሌ ባደገባት ደሴት በመንደሩ አዳራሽ ነበር። ሃልቫርድ የሙሽራ አባት ንግግር እንዳያደርግ አስቀድሞ ለምኗት ነበር፤ «ሰው በተሰበሰበበት መናገር እኔ አይሆንልኝም፤ ታውቂያለሽ» ብሎ። «ትናገራለህ» አለችው።

እንግዶቹ ጽዋ ሲያነሱ አባቷ የናፕኪኑን ጠርዝ ሲያጣጥፍ አየችው። ፊቱ ቀልቷል። ዞር ባለበት ቅጽበት ሱኒቫ ብርጭቆውን አንስታ አሸተተች።

ስታስቀምጠው እያያት ነበር።

ጆሮዋ ድረስ ነደደች። በሠርጓ ቀን፣ በነጭ ልብስ፣ እንደ ሌባ ተያዘች። «አባዬ፣ እኔ...»

ሃልቫርድ ብርጭቆውን በጣቱ ወደ እሷ ገፋው። «ቅመሽው» አለ በሹክሹክታ። «እንደፈለግሽ ጊዜ ሁሉ ቅመሽው።»

የፖም ጭማቂ ነው። ሱኒቫ እስከ ታች ጨለጠችው፤ ባዶውን ብርጭቆ ፊቱ አኖረች። ያርሌ ከጠረጴዛው ሥር እጇን ያዘ።

አባቷ ተነሳ። ከኋላ የተቀመጡት የያርሌ ጓደኞች «ቀይ ጉጉት! ቀይ ጉጉት!» እያሉ ጠረጴዛ ደበደቡ። ሽማግሌው እጁን አንስቶ ዝም እስኪሉ ጠበቀ።

«ያ ድምፅ ዛሬ አልመጣም» አለ። የሚሰማው ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ማንም የማያውቀው የሽማግሌ ድምፅ ነበር። «እኔ ሃልቫርድ ነኝ። የሱኒቫ አባት ነኝ።»

ቀጥሎ የሚለውን ያጣ መሰለ፤ የናፕኪኑን ጠርዝ እንደገና ማጣጠፍ ጀመረ። ሱኒቫ አንገቷን ልትደፋ ትችል ነበር። ቀና ብላ ንግግሩን እስኪጨርስ ድረስ አየችው።