ከድልድዩ ሥር

«ድልድዩ ከሥርህ እየተሰነጠቀ ነው» አለች ሊቤ። «ትሮጣለህ ወይስ ትመለሳለህ?»

«እሮጣለሁ» አለ እዮብ።

ሊቤ ፊት ለፊቷ ካቆመችው ካርቶን ጀርባ ዳይሱን ወረወረች። አንድ ወጣ። በጨዋታቸው ደንብ አንድ የወጣበት ገደል ይገባል። ካርቶኑ ስለከለላቸው ግን እዮብም ሁንዴም አላዩም።

«አምስት» አለች። «ተሻገርክ።»

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሳ የሰበታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ኢንተርኔትም የለም። ሦስቱ የክፍል ጓደኛሞች የሊቤ ቤት በረንዳ ላይ ይህን ጨዋታ የያዙት ያኔ ነው። ሊቤ ትተርካለች። ሁለቱ ደግሞ በታሪኩ ውስጥ ገጸ ባሕርይ ሆነው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ይሳካ አይሳካ ዳይሱ ይወስናል። እዮብ ድመት የሚፈራ ሽፍታ ነው። ሁንዴ ማንንም አድኖ የማያውቅ ወጌሻ።

«አቦ፣ ይሄ ሽፍታ አይሞትም እንዴ?» አለ ሁንዴ እየሳቀ። «የኔ ሰውዬ ሁለት እግሩ ተሰብሯል።»

እዮብ አልሳቀም። «ሊቤ፣ አባዬ የሚሠራበት ፋብሪካ ሥራ ካቆመ ወዲህ በጨዋታው አንዴም አልተመታሁም።»

«ዕድለኛ ሆነህ ነዋ።»

«ካርቶኑን አንሺው።»

ዳይሱ እንዳለ ነው። በጣቷ ገፋ ብታደርገው ይገለበጣል፤ ማንም አያውቅም። ሊቤ ጣቷን አስጠግታ ነበር። ከዚያ ካርቶኑን አነሳችው።

«አንድ ነው» አለች።

«ያመለጥኩት ጎርፍስ? ጅቡስ?» አለ እዮብ።

«እነሱም አንድ ነበሩ።»

«ማል ጄታ?» አለ ሁንዴ። «ምን ማለት ነው? ስትፎግሪን ከርመሽ የእውነት የተሰበረው የኔ እግር ብቻ ነው?»

እዮብን ሳቅ አመለጠው፤ ቶሎ ግን ዋጠው።

«በቤታችሁ ያለው ይበቃሃል ብዬ ነው» አለች ሊቤ እዮብን።

«እዚህ የምመጣው እሱን ለመርሳት ነው። ስታዝኚልኝ ግን ትዝ ይለኛል» አለ እዮብ።

ሊቤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ የእዮብ ዓይን ግን ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ጨዋታውን እየጠበቀ ነው።

«እሺ» አለች። «ድልድዩ ተሰበረ። እንዴት እንደምትወድቅ አንተ ንገረን።»

እዮብ ከወንበሩ ተነሳ። «እየወደቀ ጫማውን አወለቀ» አለ። «አዲስ ነው፤ ውሃ እንዳይነካው። ወደ ላይ ወረወረው።»

«አናቴን መታኝ» አለ ሁንዴ። «ሚዛኔን ሳትኩ። እኔም ወደቅኩ።»

ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የሊቤ እናት ወይዘሮ ወርቅቱ ምን እንደተፈጠረ ለማየት በመስኮት ብቅ ብለው ተመለሱ።

«ታች ምን አለ?» አለ እዮብ እንባውን እየጠረገ።

ሊቤ አታውቅም። ከጠዋት ጀምሮ ስታስብ የነበረው ከድልድዩ ማዶ ስላለው ከተማ ነው፤ ገበያውን፣ ሠርጉን አዘጋጅታለች፤ ለሙሽራዋ እንኳ ስም አውጥታላታለች። አንድ ገመድ ብትጥልላቸው ሁሉንም ማሳየት ትችላለች።

«እኔም አላውቅም» አለች ወንበሯን ወደ እነሱ እየሳበች። «እስኪ ወርደን እንየው።»