ጠገራ ብርና የተጣለ እንቁላል

ጋሽ ጫምሳ የሞቱት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። አናታቸውን በከባድ ነገር ተመትተዋል። በአዳማ ገበያ ዳር ያለችው የአሮጌ ሳንቲም ሱቃቸው አልተበረበረችም፤ ቀኝ እጃቸውም አንድ ጠገራ ብር እንደጨበጠ ነው።

እኚህ ሽማግሌ ጠገራን በጥፍራቸው መታ አድርገው፣ ድምፁን ብቻ ሰምተው የባለቤቱን ቅድመ አያት ስም ይናገሩ ነበር ይባላል። አዳማ መቼም «ይባላል» አይጎድልባትም፤ ነፋሷ እንኳ የአንድ ደላላ ባርኔጣ ነጥቆ ወለንጪቲ ገበያ ላይ በትርፍ ሸጦታል ይባላል። የባርኔጣው ነገር ይቆየን። በዚያ አካባቢ ጠገራ ያለው ሰው ሁሉ የብሩን ጥራትና ዋጋ አስመርምሮ ደረጃውን የሚያስወጣው ግን እሳቸው ዘንድ ነበር።

ኢንስፔክተር ኤቢሴ ስትደርስ ሳጅን ሰዓድ ጉዳዩን ዘግቶ ጨርሷል።

«ገዳዩ ተይዟል ኢንስፔክተር። አብዱልመናን ይባላል፤ የመቂ የሽንኩርት ደላላ ነው። የእናቱን የአንገት ጌጥ፣ እነዚህን ጠገራዎች፣ ደረጃ እንዲያወጡለት ትቶላቸው ነበር። ትናንት እዚህ ሲጮህባቸው ገበያው ሁሉ ሰምቷል።»

«ገድሎ ሲያበቃ ብሮቹን ትቶ ሄደ?»

ሰዓድ ወደ በሩ አመለከተ።

አብዱልመናን በሩ ላይ በካቴና ቆሟል።

«አካም ጅርታ?» አለችው።

«ምን ደህንነት አለ እህቴ! እናቴ ታማ ተኝታለች። ልጅሽ ሰው ገደለ ቢሏት ዛሬውኑ ትሞትብኛለች።»

«ለምን ጮህክባቸው?»

«ደረጃውን ይንገሩኝ ስላቸው፣ ‹የእናትህ ብር ታሟል፤ ያሳመመውን ሳልለይ አልናገርም፤ ነገ ና› አሉኝ። ብር ይታመማል እንዴ? ጮህኩ። እጄን ግን አላነሳሁም።»

ኤቢሴ አንጥረኛ አባቷ እንዳስተማሯት በሟቹ እጅ የነበረውን ጠገራ በጠርዙ ብቻ ይዛ ወደ ብርሃን አዘነበለችው። ጥቁር ነው።

«ዕድሜ ነዋ» አለ ሰዓድ።

ዕድሜ ያጠቆረው ብር ጎድጓዳው ይጨልማል፤ ከፍ ከፍ ያለው፣ በላዩ የተቀረጸችው ንግሥት ጉንጭና ትከሻ፣ እየተነካካ ይገረጣል። ይህ ግን ጥላሸት እንደተቀባ ድስት ከጆሮ እስከ አገጭ አንድ ዓይነት ነው። ከጥቁረቱ ሥር ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች አሉ።

«አሽትተው እስቲ።»

ሰዓድ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። «ከይቅርታ ጋር ኢንስፔክተር፣ ፈስ ፈስ ይላል።»

«አፍንጫህ ከካቴናህ ይሻላል።»

ጠረጴዛው ላይ የሚዛኑ የነሐስ ድንጋዮች ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደርድረዋል። ሁሉም አቧራ ለብሰዋል፤ ትልቁ ብቻ እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃል።

«ይህን ማን ያጸዳዋል?»

«ማንም» አለ ያቤጽ፣ የሟች የእህት ልጅና የሱቁ ሠራተኛ። ጠዋት ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። «አጎቴ ማጽዳት የሚባል ነገር አይወዱም። ሱቁን ስጠርግ እንኳ በከዘራ ያባርሩኝ ነበር።»

«ብሮቹ የሚያድሩበት ካዝና ቁልፍስ?»

«ከአጎቴ ሌላ እኔና እትዬ ዘርፉ ጋ አለ። ሱቁን ከአጎቴ ጋር ለሁለት ተካፍለው ነው የሚሠሩት፤ እሳቸው ጌጥ ይሸጣሉ።»

በወይዘሮ ዘርፉ በኩል ያለው የብር ጌጥ ዝንብ ያሳውራል። መስቀሉ፣ አምባሩ፣ ሁሉም ይንቦገቦጋል። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ነው።

«እኔ ልጄ፣ ሁዳዴ ከገባ ካዝናውን አልነካሁም። ከቤተ ክርስቲያን ሱቅ፣ ከሱቅ ቤተ ክርስቲያን ነው።»

«የጣትዎ ቀለበት ብር ነው? ጠቁሯል።»

«ኀዘን ነዋ ያጠቆረው!»

«ጋሽ ጫምሳ የሞቱት ትናንት ማታ ነው። ኀዘንዎ ብር ላይ እንዲህ ቶሎ ይወጣል?»

ወይዘሮ ዘርፉ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ የሰፈሩ ድመቶች እንደ ሠርግ እድምተኛ ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተዘርረዋል። አጠገባቸው ክዳን ያለው ጣሳ ወድቋል፤ ዙሪያውን ድመቶቹ ያቃታቸው የተፈረፈረ የተቀቀለ እንቁላል ነው።

ሰዓድ እጁን አጨበጨበ። «በሁዳዴ እንቁላል! እዚህ ቤት የማይጾመው ያቤጽ ብቻ ነው፤ ጴንጤ ነው። አገኘነው!»

«ሁለተኛ ካቴና ይዘሃል?»

«የለኝም።»

«እንኳን አልያዝክ። ይልቅ ሂድና እንቁላል አስቀቅልልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኤቢሴ እንቁላሉን በሳህን አቀረበች።

«ብሉ።»

ያቤጽ አንዱን በሁለት ጉርሻ ጨርሶ ሁለተኛ አነሳ። አብዱልመናን እጁ በካቴና እንደታሰረ የአንዱን ግማሽ ገመጠ። ወይዘሮ ዘርፉ ፊታቸውን አዞሩ። «በስመ አብ! ጾመኛ ነኝ።»

«ነዎት። የተሳሳተው ሳጅን ሰዓድ ነው። እንቁላል የሚበላ ሰው ያን ሁሉ ቀቅሎ ለድመት አይሰጥም። የጣለው የማይበላው ነው።»

ኤቢሴ ጥቁሩን ጠገራ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠች።

«የብሩን ሕመም ልንገራችሁ» አለች ኤቢሴ። «አሮጌ ብር ካጸዱት ቆዳውን ገፈፉት ማለት ነው፤ ደረጃው ይወድቃል። ጌጥ ማብራት የለመደ እጅ ግን የአብዱልመናንን እናት ጠገራዎች ያሳመረ መስሎት በአመድና በሎሚ ፈተጋቸው። ጭረቱ እሱ ነው። ጥፋቱ ሲገባው ዕድሜያቸውን ሊመልስ ፈለገ፤ ትኩስ እንቁላል ፈርፍሮ ከብሮቹ ጋር ጣሳ ውስጥ ከደነ። የእንቁላል ትንፋሽ ብር ያጠቁራል፤ ጎድጓዳ ከጉብታ አይለይም። የሚፈረፍረውን ሰው ቀለበትም አይምርም።»

ወይዘሮ ዘርፉ እጃቸውን ነጠላቸው ሥር አስገቡ።

«ጋሽ ጫምሳ ያሳመመውን ለዩ። ማታ ብሩን ይዘው ጠየቁዎት።»

«እንቁላል ቀቀልኩ እንበል» አሉ ሴትዮዋ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «እንቁላል ሰው ይገድላል?»

ኤቢሴ የሚያብረቀርቀውን የሚዛን ድንጋይ በጨርቅ ይዛ አነሳችው።

«አይገድልም። ይህ ግን ይገድላል። ሌላ ሰው ቢሆን ደሙን በውሃ አለቅልቆ ይሄድ ነበር። የእርስዎ እጅ ልማዱን አልተወም፤ ይህንንም በአመድና በሎሚ ፈተገው። ግን እዩት፣ የክብደቱ ቁጥር የተቀረጸበት ጎድጓዳ ውስጥ ቡናማ ነገር ቀርቷል። ጎድጓዳ አይዋሽም፣ እትዬ።»

ያቤጽ ያልዋጠውን እንቁላል ተፋ።

«‹ነገ በገበያው መሃል ስምሽን እጠራለሁ› አለኝ!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ዘርፉ። «ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁትን ስም!»

ካቴናው ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ተሻገረ። አብዱልመናን አንጓውን እያሻሸ የእናቱን ጠገራዎች ተመለከተ።

«ደረጃቸው ወድቋል ማለት ነው?»

«ወድቋል።»

«እናቴ ደረጃ አታውቅም። አንገቷ ላይ ሲንኳኳ ድምፁን ነው የምታውቀው። አትያዙብኝና ልውሰድላት።»

«ለምስክርነት አንዱ ይበቃኛል» አለችው። የቀሩትን በጨርቅ ቋጥሮ ወደ መቂ መኪና ሮጠ።

ጣቢያ ሲደርሱ ሰዓድ አንጀቱ አልችል ብሎት ለወይዘሮ ዘርፉ ትኩስ ነገር በብርጭቆ አመጣላቸው። በታሰረ እጃቸው ተቀብለው ወደ አፋቸው አስጠጉና ድንገት አቆሙ።

«ልጄ፣ ወተት የለበትም አይደል?»

ሰዓድ አፉን ከፍቶ ኤቢሴን አያት።

«የለበትም እትዬ» አለቻቸው። «ይጠጡ። ጾምዎ አልተገደፈም።»