ግንቦት ስድስት፣ ረቡዕ

«እንዳታልቡበት! ይመለሳል!»

አሰልጣኝ ጀቤሳ እንዲህ የሚለው አዲሶቹን ቲሸርቶች ከማዳበሪያ ከረጢት እየመዘዘ ለልጆቹ ሲያድል ነው። ሲሃም የደረሳትን ዘርግታ አየችው። ቢጫ ነው፤ ደረቱ ላይ «ጤናማ ትውልድ በስፖርት» የሚል ተጽፎበታል፤ ስፋቱ ደግሞ ለአባቷም ይተርፋል። እጅጌ ሙሉ ልብሷ ላይ ደርባ አጠለቀችውና ሻርፗን አስተካከለች።

«ኮች፣ ሳያልቡ ቮሊቦል እንዴት ነው የሚጫወቱት?»

«ቀስ እያላችሁ ነዋ! እንግዶቹ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆዩም።»

ሌሎቹ ልጆች ሳቁ። ሲሃም ግን ሳቁ አልመጣላትም።

ሰፈሩ «መዝናኛው» እያለ የሚጠራው ይህ ግቢ ዛሬ፣ ሰኔ ሰባት ቅዳሜ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የኒም ዛፎቹ ሥር ተጠርጓል። የሜዳው መስመር በኖራ ተሰምሯል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አዲስ መረብ፣ የታሸገበት ላስቲክ ቁራጭ ከጫፉ ሳይነሳ፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ተወጥሯል። እስከ ትናንት ድረስ በዚህ ግቢ የሚዝናኑት የጥበቃው የጋሽ ገርባ አራት በጎች ብቻ ነበሩ። ሲሃም ስትገባ በጎቹ የት እንደሄዱ ብትጠይቃቸው፣ «እነሱም ዕረፍት ወጡ፤ ደክሟቸው ነበር» ብለው አሹፈውባት አለፉ።

ጥቅምት ላይ የሴቶች ቮሊቦል ፕሮግራም ተጀመረ ተብሎ አሥራ ሁለት ልጆች ተመዝግበው ነበር። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ከትምህርት በኋላ። የመጀመሪያው ሰኞ ሲመጡ በሩ ላይ ሰንሰለትና ቁልፍ አገኙ። ረቡዕም እንደዚያው። «ቁልፉ ቢሮ ነው» አሉ ጋሽ ገርባ። ቢሮ ሲሄዱ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባሉ። ስብሰባው ስምንት ወር ፈጀ።

ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ ተጫወቱ። ከአጥሩ ብረት እስከ መብራት ምሰሶው ገመድ ይወጥራሉ። ተራ የደረሳት ልጅ መንገዱን ትጠብቃለች፤ ባጃጅ ሲመጣ «ገመድ!» ብላ ትጮሃለች፤ ያን ጊዜ ሁሉም ዳር ይይዛል፣ ገመዱም ከፍ ይላል። ጋሪ ሲያልፍ ደግሞ አቧራው እስኪሰክን ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። በአጥሩ ቀዳዳ ባዶው ሜዳ ይታያቸዋል። በጎቹም ያዩአቸዋል።

ሰብለወንጌል ከእናቷ ጋር በበሩ ስትገባ ሲሃም ሄዳ ተቀበለቻት። የቡድኑ ምርጥ ተቀባይ ሰብለ ናት፤ የሲሃምም የልብ ጓደኛ። አሁን ግራ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጀሶ ውስጥ ነው፤ የምትሄደው በሁለት ክራንች ነው። ከወር በፊት ከፍ ብሎ የመጣ ኳስ ለመቀበል ወደ ኋላ ስትሸሽ ባጃጅ ገጫት። «ገመድ!» ብሎ የጮኸ አልነበረም። ተራው የሲሃም ነበር፤ ሲሃም ግን ኳሱን እያየች ነበር።

ለሰብለ እናት፣ ለእትዬ አበበች፣ የተነገራቸው ሌላ ነው። እትዬ አበበች «መንገድ ላይ ስትጫወቺ ባገኝሽ ኳስ የሚባል ነገር በሕልምሽም አታዪም» ብለው ካስጠነቀቁ ቆይተዋል። ሰብለም ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና፣ «ልምምድ ጨርሼ ከግቢው ስወጣ፣ መንገድ ስሻገር ነው» አለቻቸው። ሲሃም አልጋው ግርጌ ቆማ ራሷን ነቀነቀች። ራስ መነቅነቅ መዋሸት አይደለም ብላ ነበር ያኔ።

«ሲሃምዬ፣ አምበሏ!» አሏት እትዬ አበበች ጉንጯን እየሳሙ። «እስቲ ሜዳችሁን ልየው። እንዴት ያምራል! እኔኮ አንድ ቀን መጥቼ ላያችሁ አልቻልኩም፤ ሱቁ መቼ ለቆኝ!»

ሰብለ ከእናቷ ጀርባ በዓይኗ ጠቀሰቻት። ሲሃም ፈገግ ለማለት ሞከረች።

እንግዶቹ በነጭ መኪና መጡ። «አካም ቡልተኒ! አካም ቡልተኒ!» እያለ ጀቤሳ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ከበላይ የመጣው የክትትል ቡድን መሪ አቶ ማናሴ ይባላሉ፤ እጃቸው ላይ ቅጽ አለ። ከኒሙ ጥላ ሥር ሳይወጡ ጠየቁ።

«መረብ?»

«አለ።»

«ኳስ?»

«አለ።»

«ሴት ተሳታፊ?»

«አሥራ ሁለት!»

በእያንዳንዱ መልስ ራይት አደረጉ። ሜዳውን በእግራቸው አልረገጡትም። አብሯቸው የመጣው ወጣት ፎቶ ለማንሳት ሲዘጋጅ ጀቤሳ ሲሃምን ወደ ዕቃ ክፍሉ ጀርባ ጠራት።

«እዚህ ጋ ፈርሚልኝ። በየወሩ ግርጌ። የአምበሏ ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው።»

ስምንት ወረቀት ነው፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት። የአሥራ ሁለቱም ስም በተርታ፣ ከፊቱ የልምምድ ቀናቱ፣ በየሳጥኑ ውስጥ ራይት። አንድም ቀሪ የለም። የስቅለት ዓርብ እንኳ አሥራ ሁለቱም ተገኝተዋል። ሲሃም እየገለጠች ግንቦት ላይ ደረሰች፤ ጣቷ በሰብለ ስም ትይዩ ሄዶ ስድስት ቁጥር ሥር ቆመ። ረቡዕ። ራይት።

«ኮች፣ ሰብለ ግንቦት ስድስት እዚህ ነበረች?»

ጀቤሳ አንገቱን አከከ። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ በኮንትራት የሚሠራ ሰው ነው። «ቅጹ ባዶ ሳጥን አይቀበልም» አለ።

«ግንቦት ስድስት ባጃጅ ሥር ነበረች!»

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። እኔስ ቁልፍ ሰጥተውኝ እምቢ ያልኩ መሰለሽ? አምስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ለአንዱም መልስ የለም። ይሄን ወረቀት ግን በየወሩ ይጠይቁኛል። ‹በሩ ተቆልፎ ነበር› የሚል ሳጥን አለበት? የለበትም። ባዶ ካስገባሁ አሰልጣኙ አልሠራም ነው የሚባለው።»

«ካልፈረምኩስ?»

«ማዕከሉ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛል። ዝቅተኛ ያገኘ ቦታ ለሌላ ቢሮ ዕቃ ማስቀመጫ ይሰጣል። ከፈረምሽ በክረምት ይከፈታል፤ ቃል ገብተውልኛል።»

«አምናም ቃል ገብተው ነበር።»

ጀቤሳ እስክሪብቶውን ዘረጋላት።

የሲሃም አባት የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ሲጭን፣ ወረፋው የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ማሸጊያውን ዞሮ በዓይኑ ሳያይ አይፈርምም። እሱ ሲያወራው «አባዬ ደግሞ ታካብዳለህ» ትለው ነበር። አሁን እስክሪብቶው ጣቷ መካከል ከበዳት። የግንቦትን ወረቀት ይዛ ሰብለ ወደተቀመጠችበት አግዳሚ ሄደች። እትዬ አበበች ፈንጠር ብለው ከሌላ ወላጅ ጋር ጨዋታ ይዘዋል።

«እይው» አለቻት።

ሰብለ አየችውና ፈገግ አለች። «አቤት ጉብዝናዬ! በጀሶ እንኳ አልቀረሁም።»

«ሙድ አትያዢ። አልፈርምም።»

የሰብለ ፈገግታ ጠፋ። «አብደሻል? እማዬ እዚሁ ናት። በሩ ተዘግቶ ነበር ካልሽ፣ ታዲያ የት ነበር የምትጫወቱት ልትል ነው። አለቀልኝ በቃ፤ ሁለተኛ ኳስ አልነካም።»

«አሁንስ እየነካሽ ነው?»

ቃሉ ካፏ እንደወጣ ሲሃም ልትመልሰው ፈለገች፤ አልተመለሰም። ሰብለ ጀሶዋን አየችና ቀና አለች።

«ያን ቀን ‹ገመድ!› ማለት የነበረባት ማን ናት?» አለች ቀስ ብላ። «ለሰው ተናግሬ አውቃለሁ? ለእናቴ? ላንቺስ አንስቼብሽ አውቃለሁ? እኔ ዝም ካልኩልሽ አንቺም ዝም በይልኝ።»

የሲሃም ጆሮ ጋለ። እውነት ነው፤ ሰብለ አንድም ቀን አላነሳችባትም። ያን ዝምታ ሲሃም ወር ሙሉ ስትጠቀምበት ከርማለች።

ፊሽካ ተነፋ። ለፎቶው መጫወት ነበረባቸው።

ተጫወቱ። ወለሉ ልስልስ ያለ ነው፤ ኳሱ ድንጋይ ነክቶ አቅጣጫ አይስትም። የሚቆጠብ ልብስ ይሁን አይሁን ረስታ ሲሃም ዘለለች፣ መታች፣ ወደቀች፣ ተነሳች። መንገዱን የምታየው ልጅ አላስፈለገችም። አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየ። በእነዚያ ደቂቃዎች ይህ ሜዳ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ አወቀች፤ ሲያበቃም እንደ ዛሬ ተናድዳ እንደማታውቅ ተሰማት። ስምንት ወር ሙሉ እዚሁ ነበር! ከገመዱ አሥር እርምጃ ርቆ!

ንዴቷ ግን የት እንደሚያርፍ አላወቀም። ወደ ጀቤሳ ሄደና አምስቱ ደብዳቤዎች መለሱት። ወደ ሰብለ ሄደ፤ ጀሶው መለሰው። ወደ ራሷ መጣ፤ እዚያ ትንሽ ቆየ። መጨረሻ ላይ ያቺ ራይት ላይ ወደቀ። ያቺ ሚጢጢ ምልክት ባጃጁን አጥፍታዋለች። የሰብለን ጩኸትና እሷ ያልጮኸችውን ጩኸት አንድ ላይ አጥፍታለች። በዚህ ወረቀት መሠረት ግንቦት ስድስት ማንም አልተጎዳም፣ ማንም አላጠፋም።

«አምበሏ የታለች?» አሉ አቶ ማናሴ የቅጹን የመጨረሻ ገጽ እየገለጡ። «ከምሳ በፊት ሌላ ሁለት ማዕከል አለብን።»

«እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ! ነይ ፈርሚልን።»

ጀቤሳ ስምንቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደረላት። ሲሃም ግንቦትን ከላይ አመጣችው።

«የሚታረም አለ» አለች።

«እሱን አሰልጣኙ ያርመዋል።»

«እሱ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።»

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ከአግዳሚው ወዲያ የወላጆቹ ወሬ ተቋረጠ። ሲሃም ጎንበስ ብላ የስድስተኛውን ቀን ራይት በአንድ መስመር ሰረዘችና ዳሩ ላይ ጻፈች፦ በሩ ዝግ ነበር። የተጫወትነው መንገድ ላይ ነው። መንገዱን የመጠበቅ ተራው የእኔ ነበር። ሲሃም አብዱናሲር። ከሥሩ ፈረመች።

አቶ ማናሴ አጎንብሰው አነበቡት፤ ከዚያ ጀቤሳን አዩ። ጀቤሳ መሬት መሬቱን እያየ ነው።

እትዬ አበበች ተነስተው መጡ። ወረቀቱን ሳያነሱ አነበቡት፤ ከዚያ ሲሃምን ብቻ ነበር የሚያዩት። «ምን ማለት ነው ይሄ? ልጄ በዚያን ቀን የት ነበረች?»

«እኔ መንገዱ ላይ ነበርኩ፣ እትዬ። መጮህ ነበረብኝ፤ አልጮህኩም። የእኔ ይሄ ነው። የእሷን እሷ ትንገርዎት።»

ከኋላዋ ክራንች መሬት ሲመታ ተሰማት፤ አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ። ወደ ጠረጴዛው ይምጣ ወደ በሩ ይሂድ ዞራ አላየችም።

«እሺ፣ እንግዲህ ግንቦትን እንተወዋለን» አሉ አቶ ማናሴ ሰዓታቸውን እያዩ። «ሌሎቹን ፈርሚና እንሂድ።»

«ሌሎቹም አሉ» አለች ሲሃም።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። የጥቅምትን ወረቀት ከሥር አወጣች፤ የመጀመሪያው ሰኞ ላይ «ዝግ» ብላ ጻፈችና ወደ ረቡዕ አለፈች።